ያለ ሾፌር የሚሄዱ ተሽከርካሪዎችና የፕሮግራም ቋንቋ ምርጫ ታሪክ

መግቢያ

ማንኛውም የምህንድስና ሥራ ከዕቃ ምርጫ ይጀምራል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ድንጋይ፣ ብረት ወይም ኮንክሪት ከመምረጡ በፊት የወንዙን ስፋት፣ የአፈሩን ጥንካሬና የሚያልፍበትን ጭነት ይመዝናል እንጂ ከዕቃዎቹ የትኛው ይበልጥ ያምራል ብሎ አይጠይቅም። ኮምፒዩተርን ያለ ሾፌር ለሚሄድ ተሽከርካሪ አእምሮ ለማድረግ የተነሡ ሰዎችም ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲገጥማቸው ኖሯል፤ ይኸውም ፕሮግራሙ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ? በየትኛውስ የሶፍትዌር መሠረት ላይ ይቁም? የሚለው ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በቋንቋዎቹ ውበት፣ በአጻጻፋቸው ቅለትና በተከታዮቻቸው ብዛት ላይ ነው። ታሪኩ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። በወረቀት ላይ ያለ ስሌት እስኪፈጸም ድረስ ይጠብቃል፤ በመንገድ ላይ ያለ መኪና ግን ፕሮግራሙ እስኪያስብ ድረስ አይጠብቅም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለሆነም በዚህ ሙያ ትክክል ሆኖ የዘገየ መልስ ከስሕተት አይለይም። ከዚህ የተነሣ ቋንቋና መሠረት የሚመረጡት በመጨረሻ በሁለት መመዘኛዎች ሆኖ ይገኛል፤ አንደኛው መልሱ በጊዜው ይደርሳል ወይ? የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ስሕተት በተፈጠረ ጊዜ ማን በምን ዘዴ ያገኘዋል? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ጥያቄዎች እንዴት ደረጃ በደረጃ እየጎሉ እንደ መጡ ለማሳየት ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ቆሞ ያስብ የነበረው ሮቦት

ከ1966 እስከ 1972 ድረስ በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሼኪ የሚባል ሮቦት ተሠራ። ስሙ ተንቀጥቃጭ እንደ ማለት ሲሆን፣ የተሰጠውም በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ስለሚንገዳገድ ነበር። ሼኪ በዙሪያው ያለውን ተመልክቶ የሚሠራውን ራሱ ለማቀድ የበቃ የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ሮቦት ነው ይባላል። በመንኮራኩር ላይ የቆመው አካል ካሜራና ርቀት መለኪያ ተሸክሞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል፤ አእምሮው ግን ከእርሱ ጋር አልነበረም። ለመሸከም ቀርቶ ለማንቀሳቀስ የሚያዳግት ትልቅ ኮምፒዩተር በሌላ ቦታ ተቀምጦ በሬዲዮ ያዘው ነበር።

የሼኪ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የተጻፉት በሊስፕና በፎርትራን ነው። ፎርትራን በ1957 ከአይቢኤም ኩባንያ የወጣ፣ ለቁጥር ስሌት የተዘጋጀ ቋንቋ ነው። ሊስፕን ግን ጆን ማካርቲ በ1958 የጀመሩት ቁጥርን ብቻ ሳይሆን ሐሳብንም በምልክት ለማስላት ነበር። «ሣጥኑ ከበሩ አጠገብ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሊስፕ እንደ ዝርዝር ይዞ ሊያገላብጠው፣ ከሌላ ዓረፍተ ነገር ጋር ሊያጋጥመውና አዲስ መደምደሚያ ሊያወጣበት ይችላል። ማቀድና ማመዛዘን ለሚበዛበት ሥራ ከዚህ የሚሻል ቋንቋ በዚያን ዘመን አልነበረም። ከሼኪ ሥራ ጋር ተያይዞ በ1968 የታተመው ኤ ስታር የሚባለው አጭሩን መንገድ የመፈለጊያ ዘዴም እስከ ዛሬ ድረስ በሮቦቶች ዘንድ በሥራ ላይ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ሼኪ ለዚህ ምርጫ የሚከፍለው ዋጋ በጊዜ ነበር። ለአንድ ተግባር ረዥም ጊዜ ቆሞ ያስብ ነበር። ይህም እንደ ጉድለት አልተቆጠረበትም፤ በክፍሉ ውስጥ ከእርሱ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር ባለመኖሩ ሣጥኑም በሩም እስኪያስብ ድረስ ይጠብቁት ነበርና።

የመዘግየት ችግር ጎልቶ የታየው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ሞራቬክ በሠሩበት ጋሪ ላይ ነው። በ1979 ይህ ጋሪ ወንበሮች የተቀመጡበትን የ20 ሜትር ያህል ክፍል ያለ ሰው እርዳታ ለማቋረጥ 5 ሰዓት ያህል ፈጀበት። አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ካሰላ በኋላ እንደገና አንድ ሜትር ይሄዳል። ከቤት ውጭ በተሞከረ ጊዜ ግን ያልታሰበ ነገር አጋጠመ። ጋሪው እስኪያስብ ድረስ ፀሐይ ቦታዋን ስለምትለውጥ ጥላዎቹም አብረው ይንቀሳቀሱ ነበር። የጥላውን ጠርዝ ቋሚ ነገር ነው ብሎ የመዘገበው ጋሪ የገዛ ካርታው ተዛባበት። ዓለም ለፕሮግራም ቆሞ እንደማይጠብቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

፪. ጊዜ ወደ ስሌቱ ሲገባ

በ1980ዎቹ በጀርመን አገር፣ በሙኒክ የጦር ኃይሎች ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርንስት ዲክማንስ ጉዳዩን በሌላ አቅጣጫ ያዙት። ፕሮፌሰሩ ከአውሮፕላንና ከጠፈር በረራ ምህንድስና የመጡ በመሆናቸው ጊዜን የስሌቱ አካል አድርገው መቁጠር ለእርሳቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። ካሜራው በየጊዜው የሚያነሣውን ምስል ሁሉ ከመጀመሪያ ጀምሮ ከመመርመር ይልቅ፣ ፕሮግራሙ የመንገዱ ጠርዝ በሚቀጥለው ቅጽበት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይተነብያል፤ ከዚያም ትንበያው በደረሰበት ቦታ ዙሪያ ያለውን ጥቂት የምስል ክፍል ብቻ ይመለከታል። ሥራውም በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ በመጫን ፈንታ ለብዙ ትናንሽ ማይክሮፕሮሰሰሮች ተከፋፈለ።

ውጤቱ ከሞራቬክ ጋሪ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደንቅ ነው። በ1987 ቫሞርስ የተባለው አምስት ቶን ያህል የሚመዝን የመርሴዲስ መኪና ለትራፊክ ባልተከፈተ አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ሾፌር ሄደ። በስምንት ዓመት ውስጥ የተገኘው ይህ ልዩነት በኮምፒዩተሮች ፍጥነት ማደግ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። የተለወጠው የፕሮግራሙ አቀማመጥ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሥራውን በተወሰነለት ቅጽበት ውስጥ ፈጽሞ መልስ የመስጠት ግዴታ ተጣለበት።

ይህ ዘመን ሌላም ትምህርት ትቶ አልፏል። ቫምፕ የተባለው የዲክማንስ ቀጣይ መኪና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተው ትራንስፒዩተር በሚባሉ የእንግሊዝ አገር ፕሮሰሰሮች ላይ ነበር። ትራንስፒዩተር እርስ በርስ እየተያያዘ በጋራ እንዲሠራ የተፈጠረ፣ ኦካም የሚባል የራሱ ቋንቋ የወጣለት፣ በሐሳቡ እጅግ የተራቀቀ ዕቃ ነበር። ነገር ግን በፍጥነትና በዋጋ ከተራው ገበያ ፕሮሰሰሮች ጋር መወዳደር ስላልቻለ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከገበያ እየወጣ ሄደ። የሶፍትዌርን መሠረት የሚመርጥ መሐንዲስ የዕቃውን ብቃት ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም መገመት እንዳለበት ይህ ታሪክ ያስረዳል።

፫. ከሩቅ ቦታ የተገኘ ትምህርት

ስሕተትን የማግኘት ጥያቄ በግልጽ የተፈተነው ጠጋኝ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ላይ ነው። በጁላይ 4 ቀን 1997 ፓዝፋይንደር የተባለው የአሜሪካ የጠፈር መሣሪያ ሶጆርነር የምትባለውን አነስተኛ ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ ይዞ ማርስ ላይ ዐረፈ። ተሽከርካሪዋ ከምድር ጋር የምትገናኘው በዐራፊው ጣቢያ በኩል ነበር፤ በዚያን ጊዜ አንድ መልእክት ከምድር ማርስ ለመድረስ ከ10 ደቂቃ በላይ ይወስድበት ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የዐራፊው ጣቢያ ኮምፒዩተር በየጊዜው ራሱን እያጠፋ እንደገና መነሣት ጀመረ።

የዚህ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ቪኤክስ ዎርክስ በሚባል፣ ሥራን በቅድሚያ ተራ በሚያስተናግድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የቆመ ነበር። የስሕተቱ ምንጭ እንዲህ ነው። ዝቅተኛ ቅድሚያ የተሰጠው የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ሥራ የጋራ የሆነውን የመረጃ መስመር ቁልፍ ይይዛል። ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው የመስመሩ ተቆጣጣሪ ያንኑ ቁልፍ ይጠብቃል። በዚህ መካከል መካከለኛ ቅድሚያ ያለው ረዥም ሥራ ይነሣና ቁልፍ የያዘውን ዝቅተኛ ሥራ ያቆመዋል። እንግዲህ ታላቁ ታናሹን፣ ታናሹም መካከለኛውን እየጠበቀ ይቀራል። ሰዓቱን የሚጠብቀው መቆጣጠሪያም ተቆጣጣሪው ሥራውን በጊዜው አለመፈጸሙን ሲያይ ኮምፒዩተሩን እንደገና ያስነሣዋል።

መሐንዲሶቹ ምድር ላይ በነበራቸው ተመሳሳይ ኮምፒዩተር ሁኔታውን ደግመው ፈጠሩት። ይህን ማድረግ የቻሉትም እያንዳንዱን ክንውን የሚመዘግበውን መከታተያ ፕሮግራም ከሥርዓቱ ውስጥ ስላላወጡት ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ቁልፉን የያዘው ሥራ የሚጠብቀውን ሥራ ቅድሚያ ለጊዜው እንዲወርስ የሚያደርገው ተዘግቶ የነበረ አማራጭ እንዲከፈት ትእዛዙ ወደ ማርስ ተላከ። የችግሩ ጠባይና መፍትሔው በ1990 በታተመ ጥናት ተብራርቶ የነበረ መሆኑ ደግሞ ሙያው ከራሱ ጽሑፎች መማር እንዳለበት የሚያሳስብ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የፕሮግራሙ ቋንቋ ጥፋተኛም ነጻ አውጪም አልሆነም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1999፣ ዲፕ ስፔስ ዋን የተባለችውን የጠፈር መንኮራኩር ለተወሰኑ ቀናት በራሱ እንዲመራ የተፈቀደለት ፕሮግራም የተጻፈው በሊስፕ ነበር። እርሱም በሁለት ሥራዎች መካከል በተፈጠረ፣ በምድር ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ባልታየ መጠባበቅ ምክንያት መካከል ላይ ቆመ። መሐንዲሶቹ ምክንያቱን ካወቁ በኋላ ሙከራው ቀጥሎ ዓላማው ተፈጽሟል። ለጥንቃቄ ሲባል የተፈጠረው የኤዳ ቋንቋም ቢሆን በጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችውን የአውሮፓ ሮኬት ከመጥፋት አላዳናትም። ለቀድሞዋ ሮኬት የተጻፈ የፕሮግራም ክፍል ለፈጣኗ ሮኬት ሳይመረመር ስለተወሰደ አንድ ቁጥር ከተመደበለት ቦታ በላይ ሆነ፤ ሮኬቷም ከተነሣች አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋች።

፬. የበረሃው ውድድር

በምርምር ቤቶች ተወስኖ የነበረውን ክርክር ወደ አደባባይ ያወጣው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ ያዘጋጀው ውድድር ነው። በማርች 2004 በሞሃቪ በረሃ 229 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲጓዙ ከተሰለፉት 15 ተሽከርካሪዎች መካከል ከሁሉ የበለጠው የሄደው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በኦክቶበር 2005 ግን አምስት ተሽከርካሪዎች 212 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን መንገድ ፈጸሙ። አንደኛ የወጣችው በሴባስቲያን ትሩን የተመራው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መኪና ስታንሊ ስትሆን፣ የፈጀባት ጊዜ 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ያህል ነው።

ስታንሊ የምትመራው በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚሠሩ ተራ የገበያ ኮምፒዩተሮች ነበር። ሊኑክስ እንደ ቪኤክስ ዎርክስ ለጥብቅ ጊዜ የተፈጠረ አይደለም። ይሁንና የፕሮግራሙ አቀማመጥ ይህን ጉድለት ለመሸፈን የታሰበ ነበር። ሥራው ለ30 ያህል የፕሮግራም ክፍሎች ተከፋፈለ፤ ሁሉንም የሚያዝ አንድ ማእከላዊ አለቃ አልተሾመም። እያንዳንዱ ክፍል የደረሰበትን ውጤት ለሚፈልገው ሁሉ ያውጃል፤ የሚያስፈልገውንም ከሌሎቹ ዐዋጅ ይቀበላል። እያንዳንዱ መረጃ የተወሰደበት ቅጽበት ይታተምበታል፤ ስለሆነም የዘገየ መረጃ እንደ አዲስ አይቆጠርም። አንድ ነገር በመመልከቻው ከታየበት ጊዜ አንሥቶ መሪውና ፍሬኑ እስኪታዘዙ ድረስ ያለው መዘግየት 300 ሚሊ ሴኮንድ ያህል እንደ ነበር ሠሪዎቹ ገልጸዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ አምስት ሜትር ማለት ነው፤ ይህን መጠን የሚያውቅ መሐንዲስ ፍጥነቱን በዚያው ልክ ሊወስን ይችላል።

በዚያው ውድድር ላይ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያቀረቡት መኪና ታሪክ ከአሸናፊዋ ያላነሰ ያስተምራል። የተማሪዎቹ ገንዘብና ቁጥር አነስተኛ ነበር፤ ፕሮግራማቸውንም የጻፉት ሲ ሻርፕ በሚባለው ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ ፕሮግራሙ የማይጠቀምበትን የሜሞሪ ቦታ ራሱ እየለየ ስለሚያስለቅቅ ጸሐፊው ከብዙ ጥንቃቄ ያርፋል፤ ሥራውም ይፋጠናል። መኪናዋ ጥሩ ከተጓዘች በኋላ ከ15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ቆመች። ከውድድሩ በኋላ በተደረገው ምርመራ የተገኘው ስሕተት ይህ ነው፤ መኪናዋ ያለፈቻቸው መሰናክሎች ከዝርዝሩ ቢሰረዙም ስማቸው በሌላ የመልእክት መቀበያ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ቀርቶ ነበር። ቋንቋውም ገና የሚፈለጉ መስሎት ቦታቸውን አላስለቀቀም። እያንዳንዱ የታለፈ ቁጥቋጦ በመኪናዋ ትዝታ ውስጥ እየተከማቸ ሄዶ በመጨረሻ ኮምፒዩተሩን አነቀው። ስሕተቱን ለማረም የበቃው አንድ መስመር ነበር።

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ሲ ሻርፕን የሚያወግዙ አሉ፤ ፍርዱ ግን ፈጣን ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የሚጽፍ ሰው ሜሞሪውን ራሱ ስለሚያስተዳድር ተመሳሳይ ስሕተት ከዚያም የከፋ ስሕተት ሊሠራ ይችላል። እውነተኛው ትምህርት አንድ ቋንቋ ሸክምን ሲያቃልል ሸክሙን ከዓይን መሰወሩ ነው። ችግሩ በረዥም ጉዞ ላይ ብቻ የሚታይ ስለ ነበር በአጫጭር ሙከራ ሊታወቅ አልቻለም።

በኖቬምበር 2007 በተደረገው የከተማ ውድድር የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ መኪና ቦስ አንደኛ ሆነች። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የኤምአይቲ ቡድን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፉ ክፍሎችን የሚያነጋግር የመልእክት ማስተላለፊያ ሠርቶ ተጠቀመ፤ ሦስተኛ የወጣው የቨርጂኒያ ቴክ ቡድን ደግሞ በሥዕል የሚጻፈውን ላብቪው የሚባለውን የፕሮግራም ዘዴ ተገለገለ። ቋንቋቸው ተለያየ፤ ሥራን ከፋፍሎ ክፍሎቹን በመልእክት ማገናኘት ግን የሁሉም መንገድ ሆነ።

፭. የጋራ መሠረት

እያንዳንዱ ቡድን መልእክት ማስተላለፊያውን፣ መመዝገቢያውንና ማሳያውን ከባዶ መሥራቱ ድካም እንደሆነ በዚያን ጊዜ ግልጽ ነበር። ሮስ በመባል የሚታወቀው የሮቦት ሶፍትዌር መሠረት የተጸነሰው በስታንፎርድ ሲሆን፣ ከ2007 ጀምሮ ያደገው ዊሎ ጋራዥ በተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ውስጥ ነው። በ2009 በቀረበው ጥናት ሠሪዎቹ ሮስ ለአንድ ቋንቋ እንደማይወግን አስታወቁ፤ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በፓይተን፣ በኦክቴቭና በሊስፕ የተጻፉ ክፍሎች በአንድነት እንዲሠሩ ይፈቅድ ነበር። ስሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢባልም በመሠረቱ በሊኑክስ ላይ የሚቀመጥ የመልእክት ሥርዓትና የመሣሪያዎች ስብስብ ነው። ምንጩ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት ተስፋፋ።

ሮስ ለምርምር የተመቸ በመሆኑ ሁለቱ ጥያቄዎች ለጊዜው ተዘነጉ። ክፍሎቹ የሚተዋወቁት በአንድ ማእከላዊ መዝገብ አማካይነት ስለ ነበር፣ መዝገቡ ከጠፋ አዲስ ግንኙነት መፍጠር አይቻልም። መልእክት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንደሚደርስም ዋስትና አልነበረም። በ2015 ከናጎያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኦቶዌር የተባለው የመኪና ሶፍትዌር የተመሠረተው በሮስ ላይ ነበር። የቻይናው ባይዱ ኩባንያ በ2017 ያወጣው አፖሎም እንዲሁ በሮስ ቢጀምርም በ2019 ለጊዜ ጥብቅነት ብሎ ወደ ሠራው የራሱ መሠረት ተሻገረ። የሮስ ባለቤቶችም ሁለተኛውን ትውልድ በ2017 መጨረሻ ሲያወጡ ማእከላዊውን መዝገብ አስቀርተው በኢንዱስትሪ የታወቀ የመልእክት ደንብ ተቀበሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ድጋፍ በሜይ 2025 አበቃ።

፮. የኃላፊነት ጥያቄ

ተሽከርካሪው ከበረሃ ወጥቶ ሰው ወደሚመላለስበት ጎዳና ሲገባ ምርጫው የመሐንዲሱ ብቻ መሆኑ ቀረ። የብሪታንያ የመኪና ኢንዱስትሪ በ1998 ባወጣው ደንብ የሲ ቋንቋ አደገኛ የሆኑ አጻጻፎች በመኪና ውስጥ እንዳይገቡ ገደብ ተጣለባቸው። በ2011 የወጣው አይኤስኦ 26262 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ደግሞ ከፕሮግራሙ አልፎ ፕሮግራሙን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ጭምር እንዲታመን ማስረጃ ይጠይቃል። ረስት የተባለው ቋንቋ በ2015 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ ሲወጣ ብዙ የሜሞሪ ስሕተቶችን ገና በትርጉም ጊዜ ስለሚከለክል ትኩረት ሳበ፤ ሆኖም በዚህ ደንብ ብቁ ነው የተባለ የረስት ኮምፓይለር የተገኘው በ2023 ነው። ጥሩ ቋንቋ ብቻውን አይበቃም፤ በዙሪያው የማረጋገጫ ልማድ መኖር አለበት።

ፓይተንም በዚህ ሂደት የራሱን ቦታ አግኝቷል። ለመሞከር፣ መረጃን ለመመርመርና ከመረጃ ተምረው የሚሠሩትን ሥርዓቶች ለማሠልጠን የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ በተሽከርካሪው ላይ በየቅጽበቱ የሚሠራው ክፍል ግን በአብዛኛው በሲ ፕላስ ፕላስ ይጻፋል። ከዚህም ጋር አዲስ ችግር መጥቷል። በ1989 በካርኔጊ ሜለን የታየው አልቪን የተባለ ሥርዓት መሪ መያዝን የተማረው ሰው ሲነዳ በማየት ነበር። የእንዲህ ያለ ሥርዓት ጠባይ ያለው በተጻፉ መስመሮች ውስጥ ሳይሆን በተማራቸው ቁጥሮች ውስጥ ስለሆነ፣ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ማንበብ ብቻውን ስሕተቱን አያሳይም።

በማርች 18 ቀን 2018 ሌሊት በአሪዞና፣ ቴምፒ ከተማ በሙከራ ላይ የነበረ በራሱ የሚሄድ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ሥርዓቱ ተጓዧን ያየው ከግጭቱ 5.6 ሴኮንድ አስቀድሞ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተሽከርካሪ፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር እያለ ይፈርጃት ነበር፤ ፍርጃው በተለወጠ ቁጥርም ቀድሞ የመዘገበውን የእንቅስቃሴዋን ታሪክ ይተወው ነበር። ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ እግረኛ ሊኖር እንደሚችል ሥርዓቱ አልታሰበለትም። በመሪው ፊት የተቀመጠችው ተቆጣጣሪም ዓይኗ ከመንገዱ ላይ እንዳልነበረ ቦርዱ አረጋግጧል። ሜሞሪ አልሞላም፤ ኮምፒዩተሩም አልቆመም። ፕሮግራሙ የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ፤ ትእዛዙ ግን ሰው በእውነት መንገድ እንዴት እንደሚያቋርጥ ባላገናዘበ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነበር።

ማጠቃለያ

ከሼኪ እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ አንድ ቋንቋ ሌላውን አሸንፎ የነገሠበት ታሪክ አይደለም። ለማሰብ፣ ለመሞከርና ለማሠልጠን ጸሐፊውን የሚያፋጥን ቋንቋ፤ በቅጽበት ውስጥ መልስ ለሚያስፈልገው ክፍል ጊዜውና ሜሞሪው የሚታወቅ ቋንቋ፤ በመካከላቸው ደግሞ የእያንዳንዱን መልእክት ሰዓት የሚመዘግብ መሠረት መምረጥ በልምድ የተገኘ መንገድ ነው። የሙያው ሰው ከምርጫው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ተሽከርካሪው በአንድ ሴኮንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ፣ መልሱ ቢዘገይ በዚያ ርቀት ውስጥ ማን ሊኖር እንደሚችልና ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የሆነውን ከመዝገብ አንብቦ ለማስረዳት መቻሉን ነው። እነዚህን በአሃዝ ያልመለሰ መሐንዲስ የመረጠው ቋንቋ የትኛውም ቢሆን ገና አልመረጠም።